የቦራ ገብስ

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ቆሰበር አንድ ጎረምሳ ምሳ ቤት ውስጥ አለንጋ ቢያጮህ፣ እኛ ሦስት የልጅ ልጅ ያየን ሴቶች እኩል ጎንበስ ብለን ጠረጴዛ ሥር ልንገባ ትንሽ ቀረን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ሁለቱ አብሮ አደጎቼ፣ ትርንጎና የዝና፣ ቅዳሜ ከገበያ መልስ አንድ ቦታ ቁጭ ብለን ምሳ ሳንበላ አንለያይም፤ ምሳው እንኳ ሰበብ ነው፣ ዋናው የሳምንቱን የቤት ጣጣ መዘክዘክ ነው። የዝና ጡረታ ወጥቶ ቤት የዋለ ባሏን ታማልናለች፤ ሰውየው ሥራ ቢያጣ የሽንኩርት አከታተፍ ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሹሟል። እኔ ስለ ዘይትና ስለ ጤፍ እሳደባለሁ፤ ማንን እንደምሳደብ ባላውቅም ካልተሳደብኩ እህል አይወርድልኝም። ትርንጎ ደግሞ ድንች በጆንያ እየሸጠች ካጠራቀመችው ለልጇ ባጃጅ ገዝታለታለችና ወሬዋ ሁሉ ባጃጅ ነው። "ሰው ሳይበላ እሱ ይበላል" ትላለች፣ ቤንዚኑን ማለቷ ነው፤ "ማድ ቤት ዘይት ቢጠፋ ልጄ ግድ የለውም፣ የባጃጁ ዘይት ከጎደለ ግን አገር ይያዝልኝ!" የዚያን ዕለትም በወሬዋ መሀል፣ ምራቷ ዓይኗ አብጦ እንደሰነበተ፣ ምን ነካሽ ብትላት የባጃጁ በር መታኝ እንዳለቻት እንደ ዋዛ ጣል አደረገች። እኛም "ውይ፣ እግዜር ይማራት" ብለን ወደ ዘይቱ ተመለስን።

የተቀመጥንበት አዲስ የተከፈተ ባህላዊ ምሳ ቤት ነው። ግድግዳው በቀርቀሃ ተለብጧል፣ በላዩ ኮርቻና ልጓም፣ ቃጭልና አንድ ረጅም አለንጋ ተሰቅሎበታል። ሸሽተን ያመለጥነውን ዕቃ ሁሉ ለቃቅመው ሰቀሉና ባህል አሉት፣ ይሁን! ከጎናችን የነበሩት ጎረምሶች ፎቶ ሊነሡ ኖሮ አንዱ አለንጋውን አውርዶ ወደ ላይ አወናጨፈና ጧ! አደረገው። ያኔ ነው እንግዲህ ሦስታችንም የተጎነበስነው። የዝና ጠላዋ ተደፋ፣ የኔ ነጠላ ወጥ ውስጥ ገባ፤ ቀና ስንል ተያየንና በሣቅ ፈነዳን፣ ሣቁ ግን ብዙም አልሰነበተም። አንዳችን ለአንዳችን ነግረን የማናውቀውን ነገር አንገታችን አሳበቀብን። እኔ ብድግ ብዬ አለንጋውን ከልጁ እጅ መነጨቅኩና ወንበሬ ላይ ጠቅልዬ አስቀምጬ ተቀመጥኩበት።

"እማማ፣ የቤቱ ዕቃ እኮ ነው" አለ ልጁ ደንግጦ።

"ምሳዬን ስጨርስ ትወስደዋለህ።"

ከሥሬ ቅባት የጠጣ ቆዳ ሽታ ተነሥቶ አፍንጫዬን መታኝ። ስንት ዘመን ሙሉ ያላሸተትኩት ሽታ! ወዲያው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆንኩና የአባቴ ቤት በር ላይ ቆምኩ።

ቤታችን ከቆሰበር ወጣ ብሎ ወደ ጥርባ በሚወስደው በኩል ነበር። ዛሬ ያ ሜዳ ጠቅላላ የከሰል ዛፍ ተተክሎበት በመካከሉ መንገድ እንኳ የለውም፤ ያኔ ግን ዓይን እስኪደክም ሣር ነበር፣ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ሲተኛበት የራሳችንን ላም ከጎረቤት ላም ለመለየት ቀንዷን መዳበስ ነበረብን። አባቴ ቀርቀሃ ነጋዴ ነው። ከገበሬ እየገዛ፣ ግቢያችን ውስጥ እየሰነጠቀ፣ ለአጥር ለሚፈልገውም ለጣሪያ ለሚፈልገውም ይሸጣል፤ ግቢያችን ዝናብ የነካው ቀርቀሃ ሲሸት ይኖራል፣ ፍንጣሪው እግራችንን እየወጋ ያነክሰናል። ይህን ፍንጣሪ ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

አባቴ ካለው ነገር ሁሉ የሚወደው ፈረሱን ነው። እኛ አገር ወንድ ልጅ ለቅሶውም ሠርጉም በፈረስ ነው፤ ፈረስ ሞቶበት በእግሩ የሚሄድ ሰው ሚስቱ ከሞተችበት ሰው እኩል "አይዞህ" ይባላል። የኛው ፈረስ ዳማ ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ ነበረውና ቦራ ይባል ነበር። እኔም ታናሽ ወንድሜም ስንወለድ አባቴ ስም ለማውጣት ጊዜ አልነበረውም፣ እናቴ ናት ያወጣችልን፤ ለፈረሱ ግን ሳምንት ሙሉ ሲያስብ፣ ጎረቤት ሲያማክር ከርሞ ነው "ቦራ" ያለው፣ ግንባሩ ላይ ተጽፎ እያለ! ውሃ ሲሞላ ግን ያው አባቴ እኔን ከፊቱ አስቀምጦ በቦራ ጀርባ ወንዙን አሻግሮ ትምህርት ቤት ያደርሰኝ ነበር፤ ጋቢው ውስጥ ሸጉጦኝ፣ ልቡ ጀርባዬ ላይ ሲመታ እየሰማሁ። ያን ሰውዬ አጥርቼ ብጠላው እንዴት በተገላገልኩ! እምቢ አለኝ እንጂ።

አለንጋው የበሩ ጀርባ ላይ ካለችው ምስማር አይጠፋም። ለፈረስ ተገዛ እንጂ ቦራ አንድም ቀን አልቀመሰውም። የሚቀምሰው የእናቴ ጀርባ ነው። ወጥ ቢቀጥን፣ ዝናብ ቢዘገይ፣ የቀርቀሃ ዋጋ ቢወድቅ፣ ጠጅ ቤት አንድ ሰው ቀና ብሎ ቢያየው፣ ሁሉም የሚወራረደው እቤት ነው። እናቴ የገጠር አገው ናት፤ ስትስቅም ስትቆጣም በአማርኛ ነው፣ ስትገረፍ ግን አማርኛው ይጠፋትና በአገውኛ ትጮኻለች፣ የሟች እናቷን ስም ትጠራለች። ጎረቤት ይሰማል። "ባልና ሚስት ናቸው" ይልና በሩን ይዘጋል። አባቴ ደግሞ ደብድቦ ሲጨርስ ደጅ ወጥቶ ቀርቀሃ ክምሩ ላይ ይቀመጥና "አቃጠለችኝ፣ ዕድሜዬን በላችው" እያለ እንባውን ያወርዳል፤ መንገደኛው ቆሞ የሚያጽናናው እሱን ነው። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት ለኔ ተረት አይደለም፣ የግቢያችን ታሪክ ነው።

እንግዲህ አንድ ዓመት በረዶ የገብሱን እሸት ደመሰሰው። ድንቹም መሬት ውስጥ እንዳለ በሰበሰ። ቀርቀሃ የሚገዛም ጠፋ፤ ሰው ሆዱ ሲጎድል አጥር አያጥርም። ቤታችን ውስጥ እህል የሚባል ነገር የቀረው አንድ ጎታ ያምና ገብስ ብቻ ነበር፣ እሱም የቦራ ነው። ለጥር ጊዮርጊስ ፈረሰኞች ሜዳው ላይ ይጋለባሉና አባቴ አስቀድሞ ተናግሯል፤ ጠዋት ሁለት ጣሳ፣ ማታ ሁለት ጣሳ ለቦራ፣ ከዚያ ላይ አንድ ፍሬ የነካ እጁን ይቆረጣል። እሱ ጎህ ሳይቀድ የቀርቀሃ ገዢ ፍለጋ ይወጣል፣ ፈረሱን የማበላው እኔ ነኝ።

እናቴ ወንድሜ ጡት እየሳበ ምንም ሲያጣ፣ እየሳበ ምንም ሲያጣ ሁለት ቀን አየችው። በሦስተኛው ቀን ጣሳውን ከእጄ ተቀበለችኝና ሩቡን ብቻ ለቦራ አስቀረችለት፤ በላዩ እብቅና ገለባ ሞላችበት፣ ጨው ያለው ውሃ ረጨችበት። ጎታው አባቴ ባለው ልክ ይጎድላል፤ ቢያይም የሚጠረጥረው ነገር የለም። ሦስቱ እጅ ገብስ ደግሞ ቂጣ ይሆናል፣ በሶ ይሆናል፣ ቆሎ ይሆናል። ሁለት ወር ሙሉ የቦራን ገብስ በላን። ምን ይደረግ፣ ጣፈጠን! እኔ እንዲያውም አንዳንዴ ሩቡንም እየቀነስኩ ኪሴ እከትት ነበር። ቦራ እብቁን በአፍንጫው ገፍቶ ገፍቶ ከሥሩ ገብስ ሲያጣ ቀና ብሎ ያየኛል፤ እኔ ጣሪያውን አያለሁ።

ፈረስ እንደ ሰው ችሎ አይቀመጥም፣ ከሳ። አባቴ የጎድን አጥንቱን ዳብሶ "ይሄ ነገር ምንድን ነው?" ሲል እናቴ ዓይኗን ሳታሽ "አልቅት ነው፤ ወንዝ ሲጠጣ አልቅት ገብቶበት ይሆናል" አለችው። ወይ ጉድ! አባቴ አመነ። ሦስት ቀን ሙሉ የሌለ አልቅት ስንፈልግ ከረምን፤ እኔ የፈረሱን ምላስ በሁለት እጄ ይዤ፣ እሱ ጉሮሮው ድረስ እያጮለቀ፣ ከዚያ ትምባሆ ዘፍዝፎ በአፍንጫው ሲያንቆረቁርለት ቦራ ሲያስነጥስ ሁለታችንም በንፍጥ ታጠብን። እናቴ ማድ ቤት ገብታ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ስትስቅ አየኋት። እናቴን በዚያች መልኳ፣ ሁለት ዓይኗ በሣቅ እንባ ተሞልቶ ያየኋት የመጨረሻ ጊዜ እሱ ነው።

ጥር ጊዮርጊስ ደረሰ። ቦራ ታጥቦ፣ ቃጭል ተንጠልጥሎለት፣ በጥለት ተሸፍኖ ሲወጣ አጥንቱ አልታየም። ሜዳው ዳር ከሕፃናቱ ጋር ቆሜያለሁ። ፈረሰኞቹ ተሰልፈው፣ ሴቱ እልል ሲል፣ ሽምጥ ለቀቋቸው። አባቴ ከፊት ነበር፣ ለትንሽ ጊዜ እንዲያውም ብቻውን ከፊት ነበር፤ እኔም ረሳሁትና "አባዬ!" ብዬ ጮኽኩ። ከዚያ የቦራ የፊት ጉልበቱ ታጠፈ። አባቴ በአንገቱ ላይ አልፎ በግንባሩ መሬት ገባ፣ ሌሎቹ ፈረሶች በግራና በቀኝ አለፉት። ከወዲያ ማዶ ሣቅ ተነሣ።

ለፈረስ ሐኪም የሚሆኑን አያ ቢሰጥ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። አባቴ "አልቅት ነው" ሲላቸው ቀረቡና ጥለቱን ገልጠው ጎኑን ዳበሱ። አፉን ከፍተው አዩ። ቦራ እዚያው ቆሞ የጣለውን ፋንድያ በዘንጋቸው በተን አድርገው፣ ጎንበስ ብለው ተመለከቱትና ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ "ልጄ፣ ይሄ ፈረስ አልቅት የለበትም። ገብስ የበላ ፈረስ ፋንድያው ውስጥ ፍሬ ይገኛል፤ ይሄ እብቅ ብቻ ነው። ከመጋለብህ በፊት አብላው እንጂ!" አሉት። አባቴ ከነአፈሩ ቆሞ ፋንድያውን ያየዋል። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ቤታችን አቅጣጫ አየ።

እኔ ሮጥኩ። በእርሻው አቋርጬ፣ ቦዩን ዘልዬ፣ እግሬን ቀርቀሃ ወግቶኝ ሳላወጣው ሮጥኩ። በልቤ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ "እማ ሽሺ" እላታለሁ፣ ሁለት ቃል ናት። ደረስኩ። እናቴ ለበዓሉ ብላ ያመሰችውን ቆሎ ከምጣዱ እያወረደች ነበር። ማለክለኬን አየችና ረኃብ መሰላት፤ አፌን ከመክፈቴ "መጀመሪያ ቅመሺ፣ ምላስሽ ደርቋል" ብላ አንድ ጭብጥ ትኩስ ቆሎ አፌ ውስጥ ጨመረችው። ጎርሼ ቀና ስል የአባቴ ጥላ በሩ ላይ ነበር። በቦራ ጀርባ አልመጣም፣ ሮጦ ነው የመጣ፣ እንደ እኔ።

በሩን ዘጋ። አለንጋውን ከምስማሩ አወረደ።

"የፈረሴን ገብስ ማን በላው?"

እናቴ ወደ እኔ አየች። ጉንጬ በቆሎ ተወጥሯል። ባኝከው ይሰማል፣ ብተፋው ይታያል።

"እኔ ነኝ" አለች እናቴ።

"ብቻሽን?"

"ብቻዬን።"

ከንፈሬን ገጠምኩ። በቃ፣ የኔ ሥራ ይሄው ነው፤ ከንፈሬን ገጠምኩ። "እኔም በላሁ" ብል ግርፊያው ለሁለት ይከፈል ይሆናል፣ ወይም ደንግጦ ይተዋት ይሆናል፣ ወይም ሁለታችንንም ይገድለን ይሆናል፣ አላውቅም። ስንቱን ዓመት ሙሉ እያሰላሰልኩት አላውቅም። የመጀመሪያው ትከሻዋን መታት፣ ሁለተኛው ጀርባዋን፣ ከዚያ መቁጠር አይቻልም፣ ምጣዱ ተገለበጠ፣ ቆሎው ወለሉ ላይ ፈሰሰ፣ ወንድሜ በአራት እግሩ እየዳኸ ከሥራቸው ቆሎውን ይለቅም ጀመር። እናቴ እሱን ልትሸፍን ዞር ስትል ነው የአለንጋው ጫፍ ፊቷ ላይ ያረፈ። ጩኸቷ አገውኛም አማርኛም አልነበረም። ደሙ በጣቶቿ መካከል ወጣ። አባቴ አለንጋውን ጣለውና ሮጦ ወጥቶ ክምሩ ላይ ተቀምጦ "ገደለችኝ! በሰው ፊት ገደለችኝ!" እያለ ማልቀስ ጀመረ፤ ጎረቤት መጥቶ አይዞህ አለው።

ጎረቤት ሴቶች እናቴን አስተኝተው ዓይኗን በእርጥብ ጨርቅ ሸፈኑላት። ቆሎውን እስከዚያ ድረስ አልዋጥኩትም ነበር። ወደ ጓሮ ወጣሁና መዳፌ ላይ ተፋሁት፤ ቦራ ማንም ሳይመልሰው ብቻውን መጥቶ በረቱ ደጃፍ ቆሟል። መዳፌን ዘረጋሁለት፣ በከንፈሩ ጠራርጎ በላው። ተመልሼ ስገባ እናቴ ኮቴዬን ለየችው። ጀርባዋ እንደዚያ ተሰንጥቆ፣ ዓይኗ እንደዚያ ሆኖ፣ እጇን ወደ ፊቴ ሰደደችና ጉንጬን ዳብሳ "ቆሎውን ዋጥሽው?" አለችኝ።

"አዎ፣ እማ" አልኳት። ዋሸኋት።

ሽማግሌ ተቀመጠ። አባቴ እንዲክስ ተባለ፣ አንድ ቀሚስ ገዛላት። እሷም የባሏን ፈረስ ማስራቧ ጥፋት ነውና ይቅርታ ጠይቂ ተባለች፤ በአንድ ዓይኗ እያየች ጉልበቱን ሳመች። ኧረ ምኑ ቅጡ! ዳንግላ ሐኪም ዘንድ ስትወሰድ ቀኑ አልፏል፣ ብርሃኑ ጠፍቷል ተባለ፤ ለመንገዱና ለመድኃኒቱ ያ ሁሉ የተለፋለት ቦራ ጥሊሊ ገበያ ወጥቶ ተሸጠ። ፈረሱም ሄደ፣ ዓይኗም ሄደ። አባቴ ከዚያ በኋላ ቀርቀሃውን በትከሻው እየተሸከመ፣ ፈረስ ሲያልፍ ቆሞ እያየ ኖረ። ያ ነገር አስተማረው ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ፤ ሁለት ዓመት ያህል እጁን ሰበሰበ፣ ከዚያ በኩርኩም ጀመረ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ስለ ዓይኗ የጠየቃትን ሁሉ "ቀርቀሃ ስሰነጥቅ ፍንጣሪ ገብቶብኝ ነው" ትላለች፤ እኔም በየደረስኩበት "ፍንጣሪ ነው" እላለሁ። ስለ ቆሎው ግን ዳግመኛ አልጠየቀችኝም።

ይህን ሁሉ ነው ያን ቅዳሜ አለንጋው ላይ ተቀምጬ፣ ወጡ ፊቴ እስኪረጋ ድረስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተናገርኩት። የዝና እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች "የኔም እናት ክንዷ የተሰበረው ከበቅሎ ወድቃ ነው ይባል ነበር" አለች፤ ቀጥላም "በቅሎ ኖሮን አያውቅም እኮ" አለች። አስተናጋጇ በዚህ መሀል ቆሎ በሰሃን አምጥታ አስቀመጠች። እኔ ቆሎ አልበላም፤ እነዚህ ሁለቱ ሁልጊዜ "ጥርሷን ትሳሳለች" እያሉ ይሥቁብኛል። ያን ዕለት ግን አልሣቁም። ትርንጎ ሰሃኑን ወደ እኔ ገፋችው።

"ብዪ እንጂ አንጓች! እናትሽ ዓይኗን የሰጠችው እንድትበይ ነው፣ እንድትተፊው ነው?" ብላ ራሷ አንድ ጭብጥ ዘግና ጎረሰች።

እኔም ቆነጠርኩ። ገብስ ነው፣ ጨው በዛ ያለበት። በቀሩልኝ ጥርሶች ቀስ ብዬ አኘኩት፣ እንደገና አኘኩት፣ ዋጥኩት። ስንት ነገር ነው የጠፋው! ሜዳው የለም፣ ቦራ የለም፣ አባቴ የለም፣ እናቴን ማድ ቤት ውስጥ በሁለት ዓይኗ ስትስቅ ያየ ሰው ከኔ ሌላ በሕይወት የለም። ያ ሁሉ ጠፍቶ ያልጠፋው የኔ ዝምታ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። አፌ ባዶ ሲሆን ትርንጎን ቀና ብዬ አየኋት። ይህችን ሴት እወዳታለሁ፣ ልጇንም እኔ ነኝ አዝዬ ያሳደግኩት።

"ትርንጎ" አልኳት፣ "የልጅሽ ባጃጅ በር የለውም እኮ። ሸራ ነው ያለው።"

ትርንጎ ማኘክ አቆመች። ጉንጯ በቆሎ እንደተወጠረ፣ ከንፈሯ እንደተገጠመ ታየኛለች። የዝና አንገቷን ደፋች። እኔ አልደፋሁም፤ ያች ጊዜ ምን ያህል ረጅም እንደሆነች ከኔ በላይ የሚያውቅ የለምና ጠበቅኳት።

ዋጠችው። አፏን በመዳፏ ጠረገች፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ወረወረችና ተነሣች።

"ተነሡ" አለችን፣ "ልጄ ቤት እንሄዳለን።" እኔ አለንጋውን ለአስተናጋጇ መልሼ ስወጣ የዝና መንገድ ዳር ቆማ ባጃጅ ልታስቆም እጇን አንሥታለች። ትርንጎ እጇን ያዘችባት።

"ባጃጅ አይሁን፣ በእግራችን ነው" አለች።